ከበሩ እስከ በረዶው፦ ከርሊንግ ለዊልቸር ተጫዋቾች የተከፈተበት መንገድ

ከርሊንግ ሁለት ቡድኖች ድንጋይ በበረዶ ላይ እያንሸራተቱ በቀለበት ወደተሠራ ኢላማ የሚያስጠጉበት ጨዋታ ነው። አንድ የከርሊንግ ድንጋይ ከ17.24 ኪሎ አያንስም፣ ከ19.96 ኪሎም አይበልጥም። ቆሞ የሚጫወት ሰው ይህን ድንጋይ የሚልከው በእጁ ብቻ ሳይሆን በመላ አካሉ ነው። ሃክ ከሚባለው የጎማ መርገጫ ላይ በአንድ እግሩ ተወርውሮ ይነሳል፤ ሌላኛውን እግሩን ከሥሩ አድርጎ ዝቅ ይልና ከድንጋዩ ጋር በበረዶው ላይ ይንሸራተታል፤ ሆግ ከሚባለው መስመር ሳይደርስም ይለቀዋል። ከዚያ ሁለት የቡድን ጓደኞቹ ከድንጋዩ ፊት ፊት እየሄዱ በረዶውን አጥብቀው ይጠርጋሉ። ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ወገብና ሚዛን ሁሉም ይፈለጋሉ። በዚህ ሁኔታ ጨዋታው በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ጨርሶ የተዘጋ ይመስላል።

አልተዘጋም። እንዴት እንደተከፈተ፣ ምን እንደተቀየረና ምን ሳይነካ እንደቀረ ማወቅ በሩን ለአካል ጉዳተኞች ሊከፍት ለሚፈልግ ማንኛውም ክለብ ከየትኛውም መመሪያ በላይ ይጠቅመዋል። ምክንያቱም የጨዋታው ደንብ በጥቂት አንቀጾች ተስተካክሎ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰውን ዛሬም ውጭ የሚያስቀረው ግን በመተላለፊያው ወለልና በበረዶው መካከል ያለች አንዲት ደረጃ፣ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው በርና ፎቅ ላይ የተሠራው የእረፍት ክፍል ነው።

ደንቡ እንዴት ተቀየረ

የመጀመሪያው የዓለም የዊልቸር ከርሊንግ ሻምፒዮና በ2002 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንዷ ሱርሴ ተካሄደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የፓራሊምፒክ ኮሚቴ ሴትና ወንድ ተቀላቅለው ለሚጫወቱት ቡድን የሜዳሊያ ውድድር ፈቀደ። በ2006 የቶሪኖ ፓራሊምፒክ ስምንት ቡድኖች ፒኔሮሎ ላይ ተገናኙ፤ በፍጻሜው ካናዳ ታላቋ ብሪታንያን 7 ለ 4 አሸነፈች። ቫንኩቨር በ2010 አሥር፣ ፒዮንግቻንግ ደግሞ በ2018 አሥራ ሁለት ቡድኖችን አስተናገዱ። ለዚህ ሁሉ የተቀየረው ነገር ብዛቱ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል።

አንደኛ፣ መንሸራተቱ ቀረ። ድንጋዩ የሚላከው ከቆመ ዊልቸር ነው፤ በሚገፋበት ጊዜ የተጫዋቹ እግር በረዶውን መንካት የለበትም፣ የዊልቸሩ ጎማዎች ግን በረዶው ላይ መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ ድንጋዩን በእጅ መልቀቅ እንደተፈቀደ ሆኖ የመግፊያ ዘንግ መጠቀምም ተፈቀደ። ሦስተኛ፣ መጥረግ ተከለከለ። አራተኛ፣ በአራት ሰው ቡድን ውስጥ ሴትም ወንድም ምንጊዜም በረዶው ላይ መኖር አለባቸው። አምስተኛ፣ የቆሙት ተጫዋቾች በትልልቅ ውድድሮች አሥር ዙር ሲጫወቱ የዊልቸሩ ጨዋታ በስምንት ዙር ያልቃል።

ድንጋዩ፣ በረዶው፣ በቀለበት የተሠራው ኢላማ፣ ነጥብ አቆጣጠሩና ስልቱ አልተነኩም። ለክለብ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ለዊልቸር ተጫዋች የተለየ ሜዳ አያስፈልግም። ማክሰኞ ማታ ቆመው የሚጫወቱበት ሜዳ ረቡዕ ለዊልቸር ይሆናል፤ የሚጨመረው በየጫፉ ሁለት ቀጭን መስመሮች ብቻ ናቸው።

እነዚህ መስመሮች የዊልቸር መስመሮች ይባላሉ። ከሆግ መስመር ተነስተው በቅርብ በኩል ያለው የኢላማ ቀለበት ጠርዝ ድረስ ይሄዳሉ፤ ከመሃል መስመሩ በግራና በቀኝ 45.7 ሴንቲሜትር ይርቃሉ። ተጫዋቹ ከቀለበቱ ጠርዝ እስከ ሆግ መስመር ባለው ቦታ ላይ ሆኖ ከላከ ድንጋዩ ሙሉ ስፋቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ማረፍ አለበት። ከዚያ ወደኋላ ሆኖ ከላከ ግን ድንጋዩ የመሃል መስመሩ ላይ መቀመጥ አለበት። አብዛኛው ተጫዋች ፊተኛውን ቦታ ይመርጣል፤ ምክንያቱም ከሃክ እስከ ሩቁ ኢላማ መሃል 38.41 ሜትር ሲሆን ከሆግ መስመር ግን 28.35 ሜትር ብቻ ነው። አሥር ሜትር ማለት ለትከሻ ብዙ ነው።

መስመሮቹን ለመሥራት ክለቡ በረዶውን ሲያነጥፍ ሌሎቹን መስመሮች ከሚያስገባበት ንብርብር ላይ ክር ወይም ቀጭን ጥብጣብ ዘርግቶ ውሃ ቢያለብሰው ይበቃል። ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ ከላይ ቀለም መቀባት አይመከርም፤ የቀለሙ ጠርዝ በድንጋዩ ጉዞ ላይ ይሰማል፣ በረዶው ሲላጭም ይጠፋል።

አንድ ድንጋይ ሲላክ

የመግፊያ ዘንጉ ቀላል ነገር ነው፦ ቁመቱ የሚስተካከል ቱቦ፣ ጫፉ ላይ የድንጋዩን እጀታ የሚይዝ የፕላስቲክ አፍ። ዘንጉ ሲገፋ ይይዛል፤ ግፊቱ ሲቆም ድንጋዩ ራሱ እየሄደ ከአፉ ይወጣል። ድንጋዩ የሆግ መስመሩ ጋ ሳይደርስ ከዘንጉ በግልጽ መላቀቅ አለበት። ተጫዋቹ ከመልቀቁ በፊት የእጁን አንጓ ቀስ አድርጎ በማዞር ለድንጋዩ ሽክርክሪት ይሰጠዋል፤ ያለዚያ ድንጋዩ ወዴት እንደሚታጠፍ መተንበይ አይቻልም።

ጀማሪ ሁሉ አንድ ስህተት ይሠራል። የዊልቸሩን ፍሬን አጥብቆ ይይዝና ዊልቸሩ የተተከለ ይመስለዋል። ፍሬን ግን የሚከለክለው የጎማውን መዞር ብቻ ነው። የማይዞር ጎማ በረዶ ላይ መንሸራተት ይችላል።

ቁጥሩን እንየው። ድንጋዩ ከሆግ መስመር ተነስቶ እስከ ሩቁ ኢላማ መሃል እንዲደርስ ሲለቀቅ በሰከንድ 2 ሜትር ከትንሽ ፍጥነት ሊኖረው ይገባል። ሃያ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር በአንድ ሜትር ግፊት ለዚህ ፍጥነት ሲበቃ ያው ኃይል ተመልሶ ተጫዋቹን ወደኋላ ይገፋዋል። ሰውና ዊልቸር አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢሆኑ በጎማና በበረዶ መካከል ያለው ሰበቃ ይህን ግፊት ለመቋቋም የሚተርፈው ጥቂት ነው። በቀስታ ለሚላክ ድንጋይ ይይዝ ይሆናል፤ የተጋጣሚን ድንጋይ ለማስወጣት በኃይል ሲገፋ ግን ዊልቸሩ ያፈገፍጋል፣ ድንጋዩም አጥሮ ይቀራል።

ከማፈግፈጉ የባሰው መዞሩ ነው። ተጫዋቹ በአንድ እጁ ስለሚገፋ ዊልቸሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ጥቂት ዞር ብሎ ይሸሻል። አቅጣጫው በአንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ ድንጋዩ 28.35 ሜትር ርቆ ሲደርስ ከታሰበበት ቦታ ግማሽ ሜትር ገደማ ይስታል። የድንጋዩ ወርድ 29 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ የአንድ ዲግሪ ስህተት ማለት ለመምታት የታሰበውን ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ማለፍ ነው። ቆሞ የሚጫወት ሰው እየተንሸራተተ አቅጣጫውን ሊያርም ይችላል፤ ተቀምጦ የሚጫወተው ያ ዕድል የለውም።

መፍትሔው በየትኛውም የዊልቸር ጨዋታ ላይ ይታያል። አንድ የቡድን ጓደኛ ከተጫዋቹ በስተኋላ ዊልቸሩን ያስጠጋና ሁለት እጁን ዘርግቶ የፊተኛውን ዊልቸር አጥብቆ ይይዛል። የሁለት ሰውና የሁለት ዊልቸር ክብደት ባንድነት ግፊቱን ይቋቋማል። ክለቦች የመጀመሪያ ቀን ሥልጠና ሲሰጡ ከዚህ ይጀምሩ፤ ዘንግ አያያዝ በኋላ ይደርሳል። በትክክል ያልተያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ አሥር ድንጋዮች ሁሉ ይስትና ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል፤ ብዙ ሰው በዚያው ይቀራል።

የመጥረጉ መከልከል ሌላ ጣጣ ያመጣል። ቆመው የሚጫወቱት ያጠረን ድንጋይ ጠርገው ጥቂት ሜትሮች ሊያስረዝሙት ይችላሉ። እዚህ ግን ከዘንጉ የወጣ ድንጋይ ሄደ፣ አበቃ። ስለዚህ ከሜዳ ሜዳ የሚለያይ ወይም ከአንዱ ጎን ከሌላው የሚፈጥን በረዶ ለዊልቸር ተጫዋች ከማንም በላይ ይከብደዋል። «እነሱ ጀማሪዎች ናቸው፣ ዳር ያለው ሜዳ ይበቃቸዋል» የሚል ክለብ ሳያውቀው ከባዱን በረዶ ለሚቸገረው ሰው እየሰጠ ነው። የግድግዳው ሙቀት የሚነካው ዳር ያለውን ሜዳ ነውና የመሃሉ ሜዳ ሊሰጣቸው ይገባል።

ድንጋዮችን ተራ በተራ ወደ ተጫዋቹ የሚያቀርብ ሰውም ያስፈልጋል። ለአንድ ሜዳ በየጫፉ አንድ ረዳት ከበቂ በላይ ነው። ይህን ሥራ ቆመው የሚጫወቱ አባላት በፈረቃ ሲይዙት ጥቅሙ ድንጋይ ከማቀበል ያልፋል፤ ስልቱ ያው አንድ ስለሆነ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስለ ጨዋታው ራሱ ማውራት ይጀምራሉ።

ጎማና በረዶ

የበረዶ ባለሙያዎች የሚፈሩት ነገር አለ፤ ፍርሃታቸውም እውነተኛ ነው። የከርሊንግ በረዶ ልሙጥ አይደለም። ከላጩት በኋላ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ይረጩበታል፤ ጠብታዎቹ እንደ ጠጠር ሆነው ይጠጥራሉ፣ ድንጋዩም የሚሄደው በእነሱ ጫፍ ላይ ነው። የበረዶው ገጽ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሞቀ ክፍል በቀጥታ የገባ ጎማ አንድ ቦታ ሲቆም ጠብታዎቹን ያቀልጣል፤ ሲነሳ ደግሞ የቀለጠው ተመልሶ ይጠጥርና ጎድጎድ ያለ አሻራ ይተዋል። ከፊት ያሉት ትንንሾቹ ጎማዎች ክብደቱን በጠባብ ቦታ ስለሚያሳርፉ አሻራቸው የበለጠ ጥልቅ ነው።

ከዚህም የከፋው አሸዋ ነው። ከመኪና ማቆሚያው የመጣች አንዲት የአሸዋ ፍሬ የድንጋዩን ሥር ትጭራለች፣ ድንጋዩም በድንገት ከመንገዱ ይወጣል። ቆሞ የሚጫወት ሰው ለበረዶው ብቻ የሚለብሰው ንጹሕ ጫማ አለው። የዊልቸር ተጫዋች ግን «ጫማውን» ለብሶ ነው ከቤቱ የሚመጣው።

መከላከያው ውድ አይደለም። በመተላለፊያው ላይ፣ ከበረዶው ፊት፣ አንድ የማጽጃ ቦታ ይዘጋጃል፦ ጠንካራ ብሩሽ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ደረቅ ፎጣ፣ ወለሉ ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ የጎማ ዙር የሚያስሄድ ምንጣፍ። የኋላ ጎማ ዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ስለሚሆን ምንጣፉ ከዚያ ካጠረ ግማሹ ጎማ ሳይጸዳ ያልፋል። መጀመሪያ በብሩሽ፣ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ፣ በመጨረሻ በደረቅ ፎጣ፤ እርጥብ ጎማ በረዶ ላይ ይጣበቃልና የመጨረሻው እርምጃ አይዘለልም። የትንንሾቹ ጎማዎች ማቀፊያ ውስጥ የሚጠመጠመው ፀጉርና ክርም ይወጣል። ከዚያ ዊልቸሩ በቀዝቃዛው አዳራሽ ውስጥ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ክለቡ አቅም ካለው ለበረዶ ብቻ የሚያገለግሉ ሁለት ሦስት ዊልቸሮች አዳራሹ ውስጥ ቢያስቀምጥ ችግሩ ከሥሩ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ግን ከራሱ ዊልቸር መውረድ አይፈልግም፤ መቀመጫው ለአካሉ የተስተካከለ ነውና አይገደድ።

ስለ ጽዳቱ የሚነገርበት መንገድም ጉዳይ ነው። ቆመው የሚጫወቱትም ጫማቸውን እንዲያጸዱ በዚያው ቦታ ተመሳሳይ ማሳሰቢያ ይለጠፍ። ብሩሽ ይዞ የዊልቸር ተጫዋቹን ብቻ የሚጠብቅ አባል በር ላይ ሲቆም ለዚያ ሰው የሚደርሰው መልእክት «ቆሻሻ ይዘህ መጣህ» የሚል ነው።

ደረጃዋ፣ በሩ፣ ፎቁ

በብዙ አዳራሾች የመተላለፊያው ወለልና በረዶው እኩል አይደሉም። ልዩነቱ አሥር ሴንቲሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቆሞ የሚሄድ ሰው ልብም አይለውም። የተለመደው የራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበትና የሚወርድበት ተዳፋት) መለኪያ ለአንድ ሴንቲሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር ርዝመት ነው። አሥር ሴንቲሜትር ከሆነ 1.2 ሜትር፣ አሥራ አምስት ከሆነ 1.8 ሜትር ማለት ነው። ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ላይ ግን ከዚህም ቢረዝም ይሻላል፤ ለአንድ አሥራ አምስት ወይም ሃያ። ወርዱ ከ90 ሴንቲሜትር አይነስ፣ በሁለቱም ጎን ጎማ እንዳያመልጥ ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፣ ከላይ በኩል ዊልቸር የሚዞርበት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ቦታ ይተውለት።

ራምፑ ላይ ሦስት ነገሮች ይበላሻሉ። የመጀመሪያው፣ ከሞቀ መጋዘን የመጣ የብረት ራምፕ ያረፈበትን በረዶ ማቅለጡ ነው፤ ምንጊዜም ቀዝቃዛው አዳራሽ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ ለሰዓታት ሳይነሳ የቆየ ራምፕ ከበረዶው ጋር ተጣብቆ መቅረቱ ነው፤ ሲያነሱት በረዶውን ቦጭቆ ይነሳል። ከሥሩ ቀጭን የፎም ንጣፍ ይደረግ፣ ጨዋታ እንዳለቀም ይነሳ። ሦስተኛው አደገኛ ነው፦ ሰው ቁልቁል ሲወርድ ጎማውን በእጁ እየያዘ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል፤ የፊት ጎማው በረዶ ሲነካ ግን ያ መቆጣጠሪያ ይጠፋል። ስለዚህ ራምፑ ከሜዳው ጥግ እንጂ ከሃኩ ጀርባ አይተከል፣ ሰው ከታች ቆሞ ይቀበል፤ ጀማሪ ከሆነ ፊቱን አዙሮ ወደኋላ ቢወርድ ይመረጣል።

አዳራሹና የሞቀው ክፍል የሚገናኙበት በር የራሱ ታሪክ አለው። ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ሲባል ጠንካራ ስፕሪንግ ይገጠምለታል፤ በአንድ እጅ ጎማ እየገፉ በሌላው ሊከፍቱት አይቻልም። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው በሩን ይዞ ስድስት ሰባት ዊልቸር ሲያሳልፍ የሞቀና እርጥበት ያለው አየር እየገባ በረዶው ላይ እንደ ውርጭ ይተኛል፤ የመጀመሪያው ዙር ድንጋዮችም ሁሉ አጥረው ይቀራሉ። ከዚያ «ዊልቸር ሲመጣ በረዶው ይበላሻል» የሚል ወሬ ይነሳል። በረዶውን የሚያበላሸው በሩ ነው። ቁልፉ ሲጫኑት የሚከፍትና ጥቂት ቆይቶ የሚዘጋ መክፈቻ፣ ቢያንስ 80 ሴንቲሜትር የጠራ ስፋት፣ በሁለት በሮች መካከል ደግሞ አንድ ዊልቸር ሙሉ በሙሉ ገብቶ የኋላው በር እስኪዘጋ የሚበቃ ቦታ ቢኖር ችግሩ ይፈታል።

ቀሪው የማንኛውም ሕንፃ ነገር ነው፤ መኪና ማቆሚያ፣ መጸዳጃ፣ ከመግቢያው ሳይቋረጥ የሚሄድ መንገድ። አንድ ነገር ግን የከርሊንግ ብቻ ነው። በዚህ ጨዋታ ልማድ ውድድር ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ አሸናፊ ተሸናፊውን ይጋብዛል። በብዙ ክለቦች ደግሞ ያ ጠረጴዛ ያለው ፎቅ ላይ፣ ሜዳውን ቁልቁል በሚያሳየው መስታወት አጠገብ ነው። ሊፍት ከሌለ የዊልቸር ተጫዋቹ ስምንት ዙር ተጫውቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሊፍት እስኪገባ ድረስ ጠረጴዛው ለሁሉም ወደ ምድር ቤት ይውረድ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ እስካሁን ያልተደረገበት ክለብ ካለ ነገውኑ ሊያደርገው ይችላል።

ቅዝቃዜ ለማይሰማው እግር

ቆሞ የሚጫወት ሰው ይሮጣል፣ ይጠርጋል፣ ይሞቃል። ተቀምጦ የሚጫወተው በየተራው መካከል ዝም ብሎ ይጠብቃል። የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ደግሞ ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ ሙቀቱን በሚገባ አይቆጣጠርም፣ መቀዝቀዙንም ላይሰማው ይችላል። «በረደህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ አያስተማምንም። እግርን የሚሸፍን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ደረቅና ያልጠበቀ ጫማ፣ እግር ማሳረፊያው ላይ የሚነጠፍ ንጣፍ ያስፈልጋሉ። ከጨዋታው በኋላ የእግር ጣቶችና መቀመጫ ቆዳ በዓይን ይታዩ። የሞቀ ውሃ ኮዳ የማይሰማ እግር ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ ሰውየው ሳያውቀው ያቃጥለዋል። ክለቡ በአራተኛው ዙር ማብቂያ ሞቃት ክፍል ውስጥ እረፍት ቢሰጥ ጥሩ ነው፤ ሲመለሱ ግን ጎማው እንደገና መጽዳትና መቀዝቀዝ እንዳለበት ታሳቢ አድርጎ ሰዓቱን ይመድብ።

ማን ይመጣል

ክለቦች «የዊልቸር ተጫዋች ከየት እናመጣለን?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ አባላት ዝርዝራቸው ውስጥ ነው። ካናዳን በ2010 እና በ2014 ለፓራሊምፒክ ወርቅ የመራው ጂም አርምስትሮንግ ወደ ዊልቸር ከርሊንግ ከመምጣቱ በፊት በቆመው ጨዋታ በአገሩ ከታወቁት አንዱ ነበር። ጉልበታቸው ስለከዳቸው ብቻ ክለባቸውን የተዉ ሰዎች በየቦታው አሉ። ዘንጉ ለእነሱም ይሠራል፤ ዊልቸር የማይፈልግ ነገር ግን ዝቅ ማለት የማይችል ሰው ቆሞ እየተራመደ በዘንግ ይገፋል። ዘንግ ይዘው ሁለት ለሁለት የሚጫወቱ ቡድኖችም አሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በአንድ ጫፍ ስለሚቆይ ሜዳውን መመላለስ አይጠበቅበትም።

ሁለት ሰው ብቻ የሚፈልግ ጨዋታ ለትንሽ ክለብ በር ከፋች ነው። አንድ ሴትና አንድ ወንድ የሚጣመሩበት የዊልቸር ከርሊንግ የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮናውን በ2022 በፊንላንድ ሎህያ አደረገ፤ በ2026ቱ የሚላኖ ኮርቲና ፓራሊምፒክ ፕሮግራም ውስጥም ገብቷል። አራት ሰው እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው።

ማየት ለተሳናቸው ተጫዋቾች የሚያስፈልገው ከዚህም ያነሰ ነው። ጥቂት ለሚያዩት፣ ኢላማው ላይ መጥረጊያውን የሚይዘው ሰው በባትሪ ብርሃን ያሳያቸዋል፤ ጨርሶ ለማያዩት በድምፅ ይጠራቸዋል፣ ከጎናቸው የቆመ ረዳትም የቆሙትን ድንጋዮች አቀማመጥ በቃል ይነግራቸዋል። መስማት ለተሳናቸው ደግሞ የስኪፑ (የቡድኑ መሪ) ጩኸት በክንድ ምልክት ይተካል፤ ጠራጊዎቹ በየመሃሉ ቀና ብለው ማየት እንዳለባቸው ብቻ ቀድመው ይለማመዱ።

በቫንኩቨር ለ2010 የተሠራው የሂልክረስት አዳራሽ በየካቲት የኦሊምፒኩን፣ በመጋቢት የፓራሊምፒኩን ከርሊንግ በዚያው ቦታ አስተናገደ። በፓራሊምፒኩ ፍጻሜ ካናዳ ደቡብ ኮሪያን 8 ለ 7 አሸነፈች፤ በዚያ ቡድን ውስጥ የነበረችው ሶንያ ጎዴት በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ሦስት የፓራሊምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ጨዋታዎቹ ካለፉ በኋላ ሕንፃው ቤተ መጻሕፍት፣ መዋኛና የበረዶ መንሸራተቻ ያለው የሠፈር ማእከል ሆነ፤ የከተማዋ የከርሊንግ ክለብም ስምንት ሜዳ ይዞ እዚያው ገባ።